የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመጨረሻዎቹ ትራኮች ለምን እምቢ ይላሉ?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም የፒሲቢ አውቶራውተር ስለመስራት ናቸው። ለማያውቀው፣ ኮምፖነንቶቹ ቦርዱ ላይ ከተደረደሩ በኋላ የትኛው ፓድ (የኮምፖነንቱ እግር የሚበየድበት መዳብ) ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ ከኔትሊስቱ፣ ማለትም ከግንኙነቶቹ ዝርዝር አንብቦ የመዳብ ትራኮቹን ራሱ የሚስል ሶፍትዌር ነው። እርስ በርስ መገናኘት ያለባቸው ፓዶች ስብስብ ኔት ይባላል። ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል፣ ውስጡ ሲገባ ግን ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሊሰራበት የሚችል ነገር ነው፣ እኔም በጣም ስለምወደው መልሶቹ ረዘም ካሉ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። የመጨረሻ ዓመት የኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ አውቶራውተር እየፃፍኩ ነው። የሊ አልጎሪዝምን ተጠቅሜ ባለ ሁለት ሌየር (ሁለት የመዳብ ንብርብር ያለው) ቦርድ ላይ እየሰራሁ ነው፣ ትንንሽ ቦርድ ላይ አሪፍ ይሰራል። 60 አካባቢ ኔት ያለው ቦርድ ስሰጠው ግን አብዛኛውን ይጨርስና የመጨረሻዎቹ ጥቂቶች መንገድ የለም ይለኛል። የኔቶቹን ቅደም ተከተል ስቀይር ያልሄደው ይሄድና ሌላ የነበረ ይቀራል። አልጎሪዝሜን ልቀይር ወይስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልጎሪዝምህ ምንም አላጠፋም። የሊ አልጎሪዝም እኮ ከ1961 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሲ ዋይ ሊ ቤል ላብስ ሆኖ ያሳተመው፣ ቦርዱን በትንንሽ ካሬ ሴሎች ከፋፍሎ ከመነሻው ፓድ ጀምሮ በየአቅጣጫው ሴል በሴል እየቆጠረ ይሰፋና መድረሻው ላይ ሲደርስ ቁጥሩን ወደኋላ እየተከተለ መንገዱን ያወጣል። መንገድ ካለ ያገኘዋል፣ ያገኘውም አጭሩን ነው፣ በዚህ ማንም አይከራከርህም። አንተን የያዘህ ነገር ሌላ ነው፣ አልጎሪዝሙ የሚያስበው ስለ አንድ ኔት ብቻ ነው፣ ቦርዱ ግን የ60 ኔት ነው።

ነገሩን በትንሽ ምሳሌ ላሳይህ። አንድ ሌየር ብቻ አስብ፣ መሀሉ ላይ በሁለት አይሲዎች (ቺፖች) መካከል አንድ ትራክ ብቻ የምታሳልፍ ጠባብ ክፍተት አለች። ኔት ሀ በክፍተቷ ቢያልፍ ዋጋው፣ ማለትም የመንገዱ ርዝመት በሴል ሲቆጠር፣ 30 ነው፣ ዞሮ ቢሄድ ደግሞ 38። ኔት ለ ግን በክፍተቷ ካላለፈ ሌላ መንገድ የለውም። ሀን ቀድመህ ከሰራኸው አጭሩን ይወስዳል፣ ክፍተቷን ይዘጋል፣ ለ በቃ ቀረ። ለን ካስቀደምከው ሀ ምንም ሳይቸገር ዞሮ ይሄዳል፣ ሁለቱም ተገናኙ። ስለዚ አንተም ያየኸው ይሄንን ነው፣ ቅደም ተከተሉ ሁሉን ነገር ይወስናል። ታዲያ ትክክለኛውን ቅደም ተከተል ለምን አንፈልግም እንዳትል፣ የ60 ኔት አደራደር ብዛቱ 82 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው፣ ደሞ ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዱም ላይሰራ ይችላል፣ ምክንያቱም አንዳንዴ ከኔቶቹ አንዱ ለሌላው ብሎ ሆን ብሎ ረጅሙን መንገድ መምረጥ አለበት፣ አጭሩን ብቻ የሚያገኝ አልጎሪዝም ደግሞ ያንን በፍፁም አያደርግም። አጭሩን አስቀድም፣ ረጅሙን አስቀድም፣ ፓዶቹ በተጨናነቁበት ጀምር የሚሉ ደንቦች አሉ፣ ትንሽ ያግዛሉ፣ መፍትሄ ግን አይደሉም።

መፍትሄው የተሰራውን ማፍረስ መቻል ነው። የሙያው ሰዎች ሪፕ አፕ የሚሉት ይሄንን ነው፣ መንገድ ያጣው ኔት የዘጉበትን አፍርሶ ያልፋል፣ የፈረሱት ደግሞ ወረፋ ገብተው እንደገና ይሰራሉ። ዝም ብለህ ከፃፍከው ግን ሀ ለን ያፈርሳል፣ ለ ሀን ያፈርሳል፣ ሲፈራረሱ ያድራሉ። እዚህ ጋ ነው በጣም የምወደው ሀሳብ የሚመጣው። በ1995 መክመርቺ እና ኢቤሊንግ ፓዝፋይንደር የሚባል ለኤፍፒጂኤ (የውስጥ ግንኙነቱ በፕሮግራም ለሚቀየር ቺፕ) የታሰበ ዘዴ አሳተሙ፣ ሀሳቡ ለፒሲቢም ይሰራል። መጀመሪያ ሁሉም ኔት ቦርዱ ላይ ብቻውን እንዳለ ሆኖ አጭሩን መንገድ ይውሰድ፣ ይደራረቡ፣ ችግር የለም ትላለህ። ከዚያ ሁለት ኔት የተደራረበበት ቦታ ዋጋው ይጨምራል፣ እያንዳንዱ ኔት ተነስቶ በአዲሱ ዋጋ እንደገና መንገድ ይፈልጋል፣ ይሄ እየተደጋገመ ይሄዳል። ዋጋው ሁለት ነገር አለው፣ አንዱ አሁን ስንት ኔት ተጋፍቶበታል የሚለው፣ ሁለተኛው እስከዛሬ በየዙሩ ምን ያህል ሲጋፉበት ነበር የሚለው ታሪክ። ቀመሩ የቦታው መነሻ ዋጋ ሲደመር ታሪኩ፣ በአሁኑ ግፊያ ሲባዛ ነው፣ በቃ።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስና ታሪኩን ብቻ እንቁጠር። በየዙሩ የክፍተቷ ዋጋ በ3 ይጨምር። ከአንድ ዙር በኋላ ለሀ 33 ሆነ፣ ከሁለት በኋላ 36፣ ከሦስት በኋላ 39፣ ዞሮ መሄዱ ግን አሁንም 38 ነው፣ ስለዚ ሀ ማንም ሳያስገድደው ራሱ ተነስቶ ዞረ። ለ አማራጭ ስለሌለው ዋጋው የፈለገ ቢወደድ እዛው ቆየ። ማን ይቅደም ብለህ አንድ መስመር ኮድ አልፃፍክም። ቦታው በጣም ለሚያስፈልገው ቀረለት፣ ሌላ ማድረግ የሚችለው ደግሞ ለቀቀለት። አውቶራውተር መስራት መንገድ መፈለግ ይመስላል እንጂ አብዛኛው ስራ ዋጋ መተመን ነው የምለው ለዚህ ነው፣ መንገድ ፈላጊው ከ60 ዓመት በፊት ያለቀለት ነገር ነው፣ ጥሩ ራውተርን ከመጥፎው የሚለየው ዋጋው ላይ ያሰብክበት ነገር ነው።

ስትፅፈው ግን ጥቂት ነገሮች ተጠንቀቅ። አንደኛ ሁሉንም ኔት ባንዴ አንስተህ ባንዴ አትመልስ፣ አማራጭ ያላቸው ሁለት ኔቶች እኩል ከአንድ ክፍተት ይሸሹና ሁለተኛው መንገድ ላይ ይገናኛሉ፣ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ተያይዘው ይመለሳሉ። አንድ ኔት አንሳ፣ አዲስ መንገድ ስጠው፣ ዋጋውን እዛው አስተካክል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሂድ። የግፊያው ማባዣ መጀመሪያ ላይ ዝቅ ያለ ይሁን፣ 0.5 አካባቢ ጀምረህ በየዙሩ በ1.3 ብታባዛው ጥሩ መነሻ ነው፣ ከመጀመሪያው ካከበድከው ኔቶቹ አማራጭ ሳያዩ ያገኙት ቦታ ላይ ይደርቃሉ። ሌላው፣ ኤፍፒጂኤ ውስጥ ሽቦው ወይ ተይዟል ወይ አልተያዘም፣ ፒሲቢ ላይ ግን ሁለት ትራኮች ሳይነካኩም ሊጣሉ ይችላሉ። ትራክህ 0.2 ሚሊሜትር፣ ክሊራንስህም (በሁለት መዳብ መሀል መኖር ያለበት ባዶ ቦታ) 0.2 ከሆነ የሁለት ትራኮች መሀል ለመሀል ቢያንስ 0.4 መራራቅ አለበት፣ ስለዚ አንድ ሴል ስትይዝ በዙሪያዋ ያሉትንም ግፊያ መቁጠር አለብህ። የፓወር ትራክህ 1 ሚሊሜትር ከሆነ ደግሞ ከሲግናሉ ጋር ያለው ርቀት 0.8 ይሆናል፣ ግማሹ 0.5፣ ክሊራንሱ 0.2፣ የሲግናሉ ግማሽ 0.1። ሁሉንም በአንድ ቁጥር ካለፍከው ፓወሩ ጋ ትያዛለህ።

ሁለት ብቻ ሳይሆን አምስት ስድስት ፓድ ያለው ኔት ላይ ደግሞ ከፓድ ወደ ፓድ ጥንድ ጥንድ አድርገህ አትገድበው። አንዱን ካገናኘህ በኋላ ፍለጋውን ከተሰራው ትራክ በሙሉ፣ ከማንኛውም ነጥቡ ጀምር፣ ወደ ቅርቡ ፓድ ይሂድ። ፍፁም አጭሩ ዛፍ አይወጣም፣ እሱን ማውጣት ራሱ ኤንፒ ኮምፕሊት (ፈጣን መፍትሄ የማይታወቅለት ከባድ ችግር) መሆኑን ጋሪ እና ጆንሰን በ1977 አሳይተዋል፣ ግን ለስራችን ከበቂ በላይ ነው። ግራውንድን ደሞ በትራክ አታሳድደው፣ ኮፐር ፖር አድርገህ፣ ማለትም ባዶውን ቦታ በመዳብ ሙላው፣ የቀሩትን በቪያ (ሌየሮችን በሚያገናኝ በመዳብ የተለበጠ ቀዳዳ) አያይዝ። ያንን ስታደርግ ብቻ ቦርድህ ምን ያህል እንደሚተነፍስ ታያለህ።

አንዳንድ ቦርድ ጭራሽ አይቻልም፣ ስለዚ የዙር ገደብ አብጅለት። ሲያቅተው ግን ዝም ብሎ አልቻልኩም አይበል፣ ያቺን የታሪክ ዋጋ በቀለም ቦርዱ ላይ ሳላት። ቀይ ሆኖ የቀረው ቦታ ኔቶቹ በየዙሩ ሲጋፉበት የነበረው ነው፣ ዲዛይነሩ እዛ ጋ ያለውን አንድ አይሲ 2 ሚሊሜትር ቢያንቀሳቅስ ወይ 90 ዲግሪ ቢያዞረው ሁሉም ሊፈታ ይችላል። ለመመረቂያህ እሷን ስዕል አስገባት፣ ከማንኛውም ቴብል በላይ ትናገርልሃለች።

ጥያቄ፦ አውቶራውተር ለመፃፍ የትኛው ላንጉጅ ይሻላል? ፓይተን ነው የማውቀው፣ ይዘገያል ይሉኛል።

መልስ፦ በምታውቀው ጀምር። ሀሳቡ ገና ሳይጠራልህ ሲ ፕላስ ፕላስ ወይ ረስት ልማር ብትል ሁለት ትግል ነው የሚሆንብህ። የሚዘገየው የውስጠኛው ሉፕ ብቻ ነው፣ ከወረፋው ዋጋው ትንሽ የሆነውን ሴል አውጥቶ ጎረቤቶቹን የሚያይበት፣ ሲመችህ እሱን ብቻ ወደ ፈጣን ላንጉጅ ታዞረዋለህ። ፍሪራውቲንግ የሚባለው ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኦፕን ሶርስ አውቶራውተር በጃቫ ነው የተፃፈው፣ ስለዚ ላንጉጅ ብቻውን አይወስንም። ከላንጉጅ በፊት ግን ይቺን አድርግ፣ ለእያንዳንዱ ኔት ግሪዱን (የሴሎቹን መረብ) በሙሉ ወደ ዜሮ አትመልስ። ሚሊዮን ሴል በየፍለጋው ማፅዳት ከፍለጋው በላይ ጊዜ ይበላል፣ በሱ ፈንታ ለእያንዳንዱ ሴል የመጨረሻ የታየበትን የፍለጋ ቁጥር አስቀምጥ፣ ቁጥሩ ከአሁኑ ካነሰ ያቺ ሴል ንፁህ ናት ማለት ነው። ፍለጋውንም ወደ ኤ ስታር ቀይረው፣ ሃርት፣ ኒልሰን እና ራፋኤል በ1968 ያወጡት ነው፣ ከሊ ጋር ያለው ልዩነት ወደ መድረሻው የቀረውን ርቀት ገምቶ ወደዛ ማዘንበሉ ነው። ግምቱ ከእውነተኛው ዋጋ እንዳይበልጥ ብቻ ጠብቅ፣ ከበለጠ ፈጥኖ ይደርሳል ግን አጭሩን ላይሰጥህ ይችላል። ለቀጥታ እርምጃ 10፣ ለሰያፍ 14 ብለህ በሙሉ ቁጥር ስራ፣ ነጥብ ያለው ቁጥር አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ፣ ኤሌክትሮኒክስ ብዙም አላውቅም፣ ግን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አውቶራውተር ልንሰራ ጀምረናል። ቦርዱን በግሪድ እንያዘው ወይስ ያለ ግሪድ በሚለው ተከራክረን መግባባት አቃተን። አንዱ ጓደኛዬ ግሪድ የድሮ ነገር ነው ይላል።

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ ግማሽ እውነት አለው፣ እስኪ ቁጥሩን አብረን እናስላው። 100 በ100 ሚሊሜትር ቦርድ በ0.1 ግሪድ ስትይዢው ለአንድ ሌየር አንድ ሚሊዮን ሴል ነው፣ ይሄ ለዛሬ ኮምፒውተር ምንም ማለት አይደለም። ወደ 0.05 ስታወርጂው 4 ሚሊዮን፣ ወደ 0.025 ስታወርጂው 16 ሚሊዮን፣ አራት ሌየር ከሆነ 64 ሚሊዮን። ለአንድ ሴል 12 ባይት ብትይዢ 768 ሜጋባይት ሄደ። ሜሞሪው ይቻላል እንበል፣ ፍለጋው ግን ያንን ሁሉ ሴል እየረገጠ ነው የሚሄደው።

ታዲያ ለምን አወርደዋለሁ ካልሽ፣ ፓዶቹ ግሪድሽ ላይ አይቀመጡልሽም። የፒን ሄደር የእግሮቹ ርቀት 2.54 ሚሊሜትር ነው፣ አጠገቡ ያለው አይሲ ደግሞ 0.65 ወይ 0.5 ነው። 2.54ን እና 0.65ን እኩል የሚያካፍል ግሪድ ብትፈልጊ 0.01 ሚሊሜትር ላይ ነው የምታገኚው፣ ያ ደግሞ ለአንድ ሌየር 100 ሚሊዮን ሴል ነው። ስለዚ ግሪዱ ሻካራ ይሆንና ከመጨረሻው ሴል እስከ ፓዱ መሀል ያለችውን ትንሽ ቁራጭ ለብቻ መሳል ይመጣል፣ ብዙ ጀማሪ ራውተር ስህተት የሚሰራው እዚች ቁራጭ ላይ ነው፣ ክሊራንሷን ማንም አላየላትምና።

ግሪድ የሌላቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ባዶውን ቦታ በቅርፅ የሚይዝ ነው፣ ሬክታንግል ወይ ስምንት ጎን ያለው ቅርፅ እያሰፋ ከባዶ ቦታ ወደ ባዶ ቦታ ይሄዳል፣ ስፔክትራ የሚባለው አውቶራውተር ስሙን ያተረፈው በዚህ ነው። ሌላው ቶፖሎጂካል የሚባለው ነው፣ መጀመሪያ ትራኩ እያንዳንዱን እንቅፋት በግራ ይለፍ በቀኝ የሚለውን ብቻ ይወስናል፣ ትክክለኛው ቅርፅ በኋላ እንደ ላስቲክ ተወጥሮ ይወጣል። ይሄኛው በጣም ያምራል፣ ለመፃፍ ግን ከባድ ነው፣ ከሦስታችሁ አንዳችሁ ጂኦሜትሪ የማትፈሩ ካልሆናችሁ አሁን አትጀምሩት።

የኔ ምክር፣ ግሪዱ ለፍለጋ ብቻ ይሁን፣ እውነቱ ግን ጂኦሜትሪው ጋ ይቀመጥ። ማለቴ ትራክ፣ ፓድ፣ ቪያ ሁሉም በእውነተኛ መጠናቸው አር ትሪ ውስጥ ይግቡ፣ ጉትማን በ1984 ያወጣው ዳታ ስትራክቸር ነው፣ ይህ ቁራጭ ትራክ እዚህ ቢቀመጥ ከማን ጋር ይጣላል ብለሽ ስትጠይቂው በአቅራቢያው ያሉትን ብቻ መርጦ ይሰጥሻል። የራውተሩ ቀሪ ክፍል ይቺን አንድ ጥያቄ ብቻ እየጠየቀ ከሰራ ነገ ግሪዱን ጥላችሁ ወደ ቅርፅ ብትሄዱ ሌላው ኮድ አይነካም። ክርክራችሁም በዛው ያልቃል።

ኤሌክትሮኒክስ ስለማታውቂ አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ቪያ ነፃ አይደለችም። ተራ ቪያ ቀዳዳዋ 0.3፣ ዙሪያዋ ያለው መዳብ 0.6 ሚሊሜትር ነው እንበል፣ ከላይ እስከ ታች ሁሉንም ሌየር በስታ ታልፋለች፣ ማለትም የምትዘጋው የሁሉንም ሌየር ቦታ ነው። ዋጋዋን ከአንድ ሴል እርምጃ ጋር ካስተካከልሽው ራውተርሽ በየሚሊሜትሩ ከላይ ወደ ታች ሲዘል ይውላል። በ0.1 ግሪድ ላይ ከ20 እስከ 50 ሴል የሚያህል ዋጋ ሰጥተሽ ሞክሪው፣ ከዚያ አንዱ ሌየር ላይ አግድም መሄድ ይርከስ፣ ሌላው ላይ ቁልቁል መሄድ ይርከስ፣ ትራኮቹ እርስ በርስ የሚቆራረጡት ያኔ ይቀንሳል።

ርቀትን ሁሉ ደግሞ በሙሉ ቁጥር በናኖሜትር ያዙት፣ ኪካድ የሚባለው የቦርድ መሳያ ሶፍትዌርም የሚያደርገው ይሄንን ነው። አንድ ሚል (የኢንች አንድ ሺህኛ) 25,400 ናኖሜትር ነው፣ ምንም ትርፍራፊ የለውም፣ በነጥብ ቁጥር ከያዛችሁት ግን ሁለት ትራክ ተገናኝቷል አልተገናኘም የሚለው ራሱ አጠያያቂ ይሆናል። ባለ 32 ቢት ቁጥር እስከ 2.1 ሜትር ይበቃል፣ ግን ርቀት ለማስላት ስኩዌር ስታደርጉ ወደ 64 ቢት ቀይሩ፣ የ300 ሚሊሜትር ስኩዌር በናኖሜትር 9 ከኋላው 16 ዜሮ ነው፣ በ32 ቢት ውስጥ ሞልቶ ይፈስና ኔጌቲቭ ሆኖ ብቅ ሊል ይችላል።

ጥያቄ፦ ለአዘጋጁ። ረጅም ዓመት ፒሲቢ በእጄ ስስል የኖርኩ ኢንጂነር ነኝ። የሞከርኳቸው አውቶራውተሮች ሁሉ ገመዱን ያገናኛሉ እንጂ ቦርዱን አይረዱትም፣ ያወጡትን አፍርሼ እንደገና መስራት ነው ትርፉ። ወጣቶቹ በዚህ ጊዜያቸውን ባያጠፉ አይሻልም ወይ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ቅሬታዎ ትክክል ነው፣ ምክንያቱም ራውተሩ የሚያየው ኔትሊስቱን ነው፣ እርስዎ የሚያስቡት ነገር ደግሞ ኔትሊስቱ ውስጥ የለም። የአይሲውን ፓወር የሚያረጋጋውን ዲካፕሊንግ ካፓሲተር ይውሰዱ። ኔትሊስቱ የሚለው አንዱ እግሩ ቪሲሲ (የፓወር መስመር) ላይ፣ አንዱ ግራውንድ ላይ ነው ብቻ ነው። ለራውተሩ የትኛውም ቪሲሲ ያው ቪሲሲ ነው፣ ስለዚህ ካፓሲተሩን ከአይሲው እግር ጋር በአጭር ሰፊ ትራክ ከማያያዝ ይልቅ በቀጭን ትራክ አዙሮ ከቦርዱ ሌላ ጫፍ ጋር ቢያያይዘው እሱ ጨረስኩ ብሎ ያርፋል። ካፓሲተሩ ግን ስራውን አይሰራም። የግራውንድ ፕሌኑም፣ ግራውንድ የሆነው ሰፊ መዳብ ማለት ነው፣ እንደዚሁ ነው፣ ፈጣን ሲግናል ሲሄድ የሚመለሰው ከረንት ከትራኩ ስር ስሩን ነው መመለስ የሚፈልገው፣ ራውተሩ ግን መንገድ ለማሳጠር ብሎ ፕሌኑን በአንድ ረጅም ትራክ ይቆርጠዋል፣ ከረንቱ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል፣ ያ ሰፊ ሉፕ አንቴና ሆኖ ኖይዝ ይረጫል።

ወጣቶቹ ይተዉት በሚለው ላይ ግን አልስማማም፣ ይልቁንስ የእርስዎ ዓይነት ሰው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የሚያውቀውን ወደ ዋጋ እንዲያስለውጥ ነው የምመኘው። ፕሌን የሚቆርጥ ትራክ ሴል በሴል ይወደድ፣ ያውም በፈጣን ሲግናል ስር ከሆነ እጥፍ ይወደድ። ካፓሲተሩ የየትኛው እግር እንደሆነ የሚናገር ምልክት ይኑርና ያ ግንኙነት ከሁሉም ቀድሞ በአጭሩ ይሰራ። የዩኤስቢ ሁለቱ ዳታ ትራኮች ለ90 ኦም ዲፈረንሻል እንዲሆኑ ስፋታቸውና መሀላቸው ያለው ርቀት ተወስኖ ጎን ለጎን እንደ አንድ ወፍራም ትራክ ይፈለግላቸው። ርዝመት መመሳሰል ላለባቸው፣ ኤፍአር 4 (የተለመደው የቦርድ ማቴሪያል) ላይ ሲግናል ለአንድ ሚሊሜትር ከ6 እስከ 7 ፒኮሰከንድ ይወስዳል፣ የ10 ሚሊሜትር ልዩነት ከ60 እስከ 70 ፒኮሰከንድ ነው ማለት ነው፣ ያ ለአንዱ ባስ (አብረው የሚሄዱ የዳታ መስመሮች) ምንም አይደለም ለሌላው ግን ከባድ ነው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ዲዛይነሩ ነው፣ ሶፍትዌሩ ጠይቆ መቀበል አለበት እንጂ መገመት የለበትም።

ደግሞ ሁሉንም ወይም ምንም መሆን የለበትም። ክሪስታሉን፣ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላዩን፣ ፈጣኖቹን ሲግናሎች እርስዎ በእጅዎ ይስሩና ይቆልፉ፣ የቀሩትን ኤልኢዲ፣ ቁልፍ፣ ዘገምተኛ ዳታ ምናምን የተባሉትን ለሱ ይተዉለት። ጥሩ ራውተር የተቆለፈውን አይነካም፣ የመረጡለትን ኔቶች ብቻ በሰከንዶች ውስጥ ሰርቶ ያሳይዎታል፣ ካልወደዱት አንድ ቁልፍ ተጭነው ይመልሱታል። ኪካድ ውስጥ ያለውን ፑሽ ኤንድ ሾቭ ሞክረውት ከሆነ፣ የፊዚክስ ምርምር ማዕከሉ ሰርን ያሉ ሰዎች የሰሩት ነው፣ እርስዎ ትራኩን ሲስቡ የነበሩት ትራኮች ክሊራንሳቸውን ጠብቀው ጠጋ ጠጋ ይሉልዎታል። ውሳኔው የእርስዎ ነው፣ ልኬቱ የሶፍትዌሩ። ለኔ የአውቶራውተር ተስፋው በዚህ መንገድ ነው፣ አንድ በተን ተጭኖ ሙሉ ቦርድ ከመጠበቅ ይልቅ።

ጥያቄ፦ ለመጀመር ቦርድ ከየት እናመጣለን? የሰራነው ራውተር ትክክል መሆኑንስ በምን እናውቃለን? ደሞ አሁን ሁሉ ነገር በኤአይ ሆኖ የለ፣ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን?

መልስ፦ ከኤአይ ልጀምር። ሞዴሉ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን ያወጣው ቦርድ ህጉን መጠበቁን የሚያረጋግጥ፣ ከሁለት ቦርድ የትኛው እንደሚሻል የሚለካ ነገር ይፈልጋል፣ ሲማርም የሚማረው ከዛ ልኬት ነው። ያ ልኬት ደግሞ ከላይ ስናወራው የነበረው ክሊራንስና ዋጋ ነው፣ ስለዚ በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ መጀመሪያ የምትፅፉት ያው እሱን ነው።

ቦርድ ለማግኘት የራሳችሁ መሳያ ሶፍትዌር መስራት አያስፈልጋችሁም። ኪካድ ቦርዱን በዲኤስኤን ፎርማት ያወጣል፣ ከስፔክትራ የመጣ ፎርማት ነው፣ ተራ ቴክስት ሆኖ በቅንፍ ውስጥ ቅንፍ እየሆነ የተፃፈ፣ የቦርዱ ጠርዝ፣ ፓዶቹ፣ ኔቶቹ፣ የክሊራንስ ህጎቹ ሁሉም እዛ ውስጥ አሉ። እሱን ታነባላችሁ፣ ትራኮቹን በኤስኢኤስ ፎርማት ትፅፋላችሁ፣ ኪካድ መልሶ ይቀበለዋል። ኦፕን ሶርስ የሆኑ የሃርድዌር ፕሮጀክቶች ፋይላቸውን ክፍት አድርገው ያስቀምጣሉና የነሱን ትራክ አጥፍታችሁ ራውተራችሁን መፈተን ትችላላችሁ፣ ሰው በእጁ የሰራው መልስ ስላለ ታነፃፅራላችሁ፣ ስንት ቪያ፣ ስንት ሚሊሜትር መዳብ።

ትክክለኛነቱን ለመፈተሽ ግን ዲአርሲውን፣ ማለትም ቦርዱ ህጎቹን መጠበቁን የሚፈትሸውን መርማሪ፣ ለብቻ ፃፉት፣ ከራውተሩ ጋር አንድም ፈንክሽን አይጋራ። ከተጋራ ያቺው ስህተት ራውተሩንም ታሳስታለች፣ መርማሪውንም ታሳውራለች። ቀርፋፋ ይሁን ግድ የለም፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ከእያንዳንዱ ጋር አነፃፅሮ ርቀቱን ይለካ፣ ከዚያ የአንድ ኔት ፓዶች በሙሉ በርግጥ በመዳብ መያያዛቸውን ይይ። በራውተሩና በመርማሪው ላይ ትንንሽ ቦርድ በራንደም እያመረታችሁ ሌሊቱን ሙሉ ልቀቁበት፣ አምስት ኔት፣ አስር ኔት፣ ፓዶቹ የትም ይውደቁ። ስህተት ሲያገኝ ቦርዱን አስቀምጡና ከላዩ ላይ ኔት አንድ በአንድ ቀንሱ፣ ስህተቱ እስካለ ድረስ ቀንሱ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ኔትና ሦስት ፓድ ይቀርና ችግሩ በአይን ይታያል። ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ያው የታወቀው ነው፣ ትራኩ በሁለት የተያዙ ሴሎች መሀል በሰያፍ ሾልኮ ማለፉ፣ ወይ ቪያዋ ላይኛው ሌየር ላይ ተፈትሻ ታችኛው ላይ ሳትፈተሽ መቅረቷ።

ይሄ ሁሉ የሚሰራው ግን ያው ቦርድ ሁሌ ያው ውጤት ሲሰጥ ነው። የራንደሙን ሲድ (መነሻ ቁጥር) መዝግቡ፣ ኔቶቹን ደግሞ ቅደም ተከተል ከማይጠብቀው ሃሽ ሴት እያወጣችሁ በተገኘው ቅደም ተከተል አትሂዱ፣ በኔት ቁጥራቸው ደርድሯቸው፣ እኩል ዋጋ ያላቸው ሁለት ሴሎች ወረፋው ውስጥ ሲገናኙም ማን ይቅደም የሚለው በሴል ቁጥር የተወሰነ ይሁን።